ሥርጉት የተረጎመችው ጤነኛ ሰው

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ከኦሎምፒክ ጎዳና ዝቅ ብሎ ፌርፋክስ ዳር የሚኖር አበሻ፣ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ጉዳይ ሲገጥመው የሚያንኳኳው የሥርጉትን በር ነበር። ሠፈሩ ያኔ ስም አልወጣለትም። ሁለት ምግብ ቤት፣ አንድ ፀጉር አስተካካይና በርበሬ በጓሮ በር የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበሩ። ሰው አቅጣጫ ሲናገር "እነ ሥርጉት ጋ" ይል ነበር፤ የሚሰማውም ይገባዋል።

ሥርጉት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሎስ አንጀለስ ፀሐይ እንኳ ሹራብ የማይለያት። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት በቴሌ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ስልክ የምታገናኝ እሷ ነበረችና እንግሊዝኛዋን ያበጀችው በጆሮዋ ነው። አሁን የምትሠራው ሳንታ ሞኒካ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ዕረፍቷ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት የሌላ ሰው አፍ ትሆናለች፤ ኢሚግሬሽን ትሄዳለች፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ የልጅ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ለዚህ የሚከፍላት የለም፤ እሷም አትጠይቅም።

አስተረጓጎሟ የራሷ ነበር። አንድ ማለዳ ጋሼ መኩሪያ ከቤት አከራያቸው ጋር ተጣሉ። ጋሼ መኩሪያ አገር ቤት የመድን ድርጅት ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ታክሲያቸውን በግቢው የውሃ ጎማ በየቀኑ ያጥባሉ። አከራዩ ሽማግሌ ፈረንጅ ያን ዕለት መስኮት ከፍተው ጮኹ። ሥርጉት ሹራቧን ደርባ ወረደች።

"ምን ይላል ይሄ?" አሉ ጋሼ መኩሪያ።

ሽማግሌው ያሉት "ይሄ ሰውዬ ከዚህ በፊት ውሃ አይቶ አያውቅም ወይ? ግቢዬን ረግረግ አደረገው፤ ወደመጣበት ይሂድልኝ" ነበር።

"ጋሼ፣ ውሃው የዛፉን ሥር እንዳያበሰብስብኝ ሠጋሁ ነው የሚሉት።"

"ዛፍ? ራሱ ጉቶ! በይው፤ አንተ ራስህ የደረቅህ ጉቶ ነህ በይው!"

ሥርጉት ወደ መስኮቱ ቀና ብላ፣ ጋሼ መኩሪያ ስለ ዛፉ እንዳላሰቡበትና ይቅርታ እንደሚጠይቁ በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረች። የሽማግሌው ፊት ተፈታ። ከሰዓት በኋላ ከዛፋቸው የለቀሙትን ሎሚ በከረጢት ሞልተው ላኩ።

"አየሽ ልጄ፣" አሉ ጋሼ መኩሪያ ሎሚውን እያገላበጡ፣ "ፈረንጅ እቅጩን ከነገሩት ያከብራል።"

ሥርጉት አልሳቀችም። ለእሷ ሥራ ነበር። በእሷ በኩል ያለፉ ሁለት ሰዎች ከነክብራቸው መለያየት አለባቸው፤ ስድብ እሷ ጋ ይቀራል፣ ገመና እሷ ጋ ይቀራል። ስንት ሰው ያላለውን መልካም ነገር እንደተናገረ፣ ስንት ጠብ በእሷ ጉሮሮ ውስጥ እንደሞተ ሲያስቡት ያስደንቃል። "ሥርጉት የገባችበት ነገር አይበላሽም" ይባል ነበር። የወንድሟ ነገር እስኪመጣ ድረስ እውነት ነበር።

ወንድሟ ዘለቀ ይባላል። ሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። በሱዳን በኩል በ1983 ዓ.ም. ገብቶ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ ሳንታ ሞኒካ አንድ የዓሣ ምግብ ቤት ደጃፍ የደንበኞችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። በዚህ ሥራ እሱን የሚያህል አልነበረም። አርባ መኪና ተቀብሎ፣ ወረቀት ሳያይ፣ የማን መኪና የት እንደቆመ ያውቃል። ደንበኛው ኮቱን ሳይቆልፍ ዘለቀ ቁልፍ ይዞ እየሮጠ ነው። ፈረንጆቹ "ማሽን" ይሉት ነበር።

ይህን ችሎታ ያመጣው ከቀበሌ እስር ቤት ነው። የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ሳለ ስምንት ወር ታስሮ ነበር፤ አርባ ምናምን ሰው በአንድ አዳራሽ። ሲመሻሽ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ይቆምና ስም ይጠራል። የተጠራው "አቤት" ብሎ ይነሣል፤ አይመለስም። ዘለቀ ማን የት እንደሚተኛ በልቡ ይይዝ ነበር፤ በማግስቱ የጎደለውን ለማወቅ። ከዚያ ሲወጣ ሰው አላስቸገረም፣ አላለቀሰም፣ ስለዚያም አላወራም።

ስም ጠሪው አሜሪካ የገባው ከዘለቀ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ዘለቀ የደንበኛ መኪና ሊያቆም ገብቶ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ፣ ያ ድምፅ ስም ጠራ። በማግስቱም ጠራ። ቆይቶ ሬዲዮም መኪናም አላስፈለገውም። ዘለቀ ቀድሞም ይጠጣ ነበር፤ እንደ ሰው። አሁን ግን ውስኪ ምን እንደሚሠራ ደረሰበት። በሁለተኛው ብርጭቆ ድምፁ ይርቃል፤ በአራተኛው ይዘጋል። ሲነጋ ደግሞ የተዘጋው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋትም ይጠጣል።

ሥርጉት መጀመሪያ ያወቀችው ጠርሙሱን ነው። ሌላውን ያወቀችው ከወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"አላወራም፣ እታለም። እየሰማሁ ነው።"

"ምን?"

"ስም።"

ሥርጉት ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። ውጭ ማንም አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የጋሼ መኩሪያ የእህት ልጅ ሰርካዲስ ለዘለቀ ትሁን ተብሎ ታስቦ ነበር። ሰርካዲስ የልብስ ንፅህና መስጫ ውስጥ የምትሠራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት፤ እሱም እሷን ሲያይ ሹራቡን ያስተካክላል። ነገሩ ወደ ሽምግልና እያመራ ነበር። ጋሼ መኩሪያ ሥርጉትን ደረጃው ላይ አቆሟት።

"ወንድምሽ ይጠጣል ይላሉ።"

"አዎ ጋሼ፣ አልፎ አልፎ…"

"ይጠጣ! ወንድ ልጅ ይጠጣል፤ ሲያገባ ይተዋል። እኔ ራሴ ትቻለሁ።" የተዉት እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። "እኛ የምንጠይቀው ዘር ነው። በዘራችሁ የሚጥል በሽታ፣ እብደት፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም አይደል?"

"የለም ጋሼ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ለደንቡ ነው የጠየቅሁሽ፤ አታስቀይሚኝ።"

ሥርጉት በሚቀጥለው ማክሰኞ ወንድሟን መጠጥ ወደሚያስተዉበት ቤት ይዛው ሄደች። አማካሪው ክንዱ ላይ መልሕቅ የተነቀሰ፣ ራሱ በጊዜው ጠጪ የነበረ ግዙፍ ሰው ነው። ስንት ዓመት እንደጠጣ ጠየቀ፤ ተረጎመች። በቀን ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀ፤ ተረጎመች። ከዚያ፣ "ሌላ ሰው የማይሰማው ነገር ይሰማዋል?" አለ።

ዘለቀ ጥያቄውን ለመረዳት እሷን አልጠበቀም። "ስም ጠሪውን ንገሪው" አላት።

ሥርጉት የሰውየውን ብዕር አየች። ብዕሩ የሚጽፈው ነገር የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያነበው አታውቅም። የምታውቀው አንዴ የተጻፈ እብደት እንደማይፋቅ ነው፤ ከእሱ አልፎ ለእሷም፣ አገር ቤት ላሉት የእህቶቿ ልጆችም ይተርፋል።

"እንቅልፍ እንቢ ይለዋል" አለች በእንግሊዝኛ።

"የተለመደ ነው። መጠጡ ሲወጣ እንቅልፉ ይገባል።" አማካሪው ጽፎ ወረቀቱን አዞረላት፤ በአስተርጓሚ ቦታ ፈረመች።

ዘለቀ እዚያ ሃያ ቀን ቆየ። ስምንተኛው ቀን ላይ ከደሙ ውስጥ የመጨረሻዋ ውስኪ ወጣችና ድምፁን የሚዘጋ ነገር ጠፋ። ስም ጠሪው ከማለዳ ጀምሮ ይጠራ ገባ። ጠጪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የየራሳቸውን ታሪክ ሲናገሩ፣ ዘለቀ በመካከል በአማርኛ "የለም" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "የለም።" ስማቸው ለተጠሩት እየመለሰላቸው ነበር። ክቡ ውስጥ ያሉት የሚያሾፍባቸው መሰላቸው። በሃያኛው ቀን ሳይሰናበት ወጣ፤ ቀትር ላይ ፒኮ ጎዳና አውቶቡስ መቆሚያ ሰክሮ ተገኘ።

"ለመዳን ፍላጎት የለውም" አላት አማካሪው ዕቃውን ልትወስድ ስትሄድ። "ደግሞ አንድ ነገር አለበት። አእምሮው ከሆነ የኛ ሥራ አይደለም፤ መጀመሪያ እዚያ ታክሞ ይምጣ።"

"ምን አለ?" አላት ዘለቀ ቤት።

"በርትተሃል አለ። ሌላ ጊዜ ና ብሏል።"

ዘለቀ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ ያመጣችለትን ዕቃ ተቀበላት።

የአእምሮ ክሊኒኩ ያለው ፌርፋክስን ወደ ሰሜን አልፎ፣ ከገበያው ማዶ ነው። ሥርጉት ቀድማ ስልክ ደወለች። ቀጠሮ የምትሰጠዋ ሴት፣ የሚጠጣ ሰው ሦስት ወር ሳይጠጣ ካልቆየ እንደማይቀበሉ ነገረቻት። ሥርጉት አመስግና ዘጋች። ሐሙስ ዕለት ወንድሟን አፉን በጥርስ ሳሙና ሦስቴ አሳጥባ ወሰደችው።

ሐኪሙ ወጣት፣ ጥሩ ሰው ነበር። እዚህ ሥርጉት ስለ ድምፁ ተናገረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። ሐኪሙ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት።

"አልኮልስ?"

"በቀን አንድ ጠርሙስ" አለ ዘለቀ በአማርኛ። "ስም ጠሪው ሲበረታ ከዚያ በላይ።"

"በበዓል፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ" አለች ሥርጉት በእንግሊዝኛ።

ክኒን ታዘዘለት። ክኒኑ ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ሰው ሊገድል እንደሚችል ሐኪሙ አስጠነቀቀ። ይህን ሥርጉት አንድ ቃል ሳታጎድል ተረጎመች። ደረጃውን ሲወርዱ ተጨቃጨቁ።

"ታዲያ እንደምጠጣ አትነግሪውም ነበር?"

"ከነገርኩት ያባርረናል። እዚያ ‘አእምሮውን ታክሞ ይምጣ’፣ እዚህ ‘መጠጡን ትቶ ይምጣ’ ነው የሚሉት። ደግሞ ሰማህ? ጠጪ መሆንህ ቢጻፍ ማን መኪና ያስነዳሃል?"

"ሶ፣ ምን ላድርግ?"

"ተወዋ!"

"ኦኬ።" ዘለቀ ሳቀ። "እንዲህ ቀላል መሆኑን እኮ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

አልተወም። ሥርጉትም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ አረጋውያኑ ቤት መድኃኒት በመለኪያ መስጠት ለምዳለችና፣ ጠርሙሱን ወስዳ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ጠዋት ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ በሽሮፕ መለኪያ እየለካች ትሰጠዋለች፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ልትቀንስለት። የቀነሰችውን እሱ ውጭ ያሟላዋል። ክኒኑ ስም ጠሪውን ትንሽ ራቅ አደረገው፤ ዘለቀን ግን አብሮ አራቀው። ቁልፍ ያሳስት ጀመር። ሐኪሙ ለውጥ ሲያጣ ክኒኑን ጨመረ፤ መጠጡን አያውቅ፣ እንዴት ይቀንስ? አንድ ከሰዓት በኋላ ዘለቀ የደንበኛ መኪና አቁሞ ሞተሩ እየሠራ እንቅልፍ ወሰደው። የምግብ ቤቱ ኃላፊ "ሌላ ቀን ቢደገም ከሥራህ ትሰናበታለህ" አለው። ፈረንጆቹም "ማሽን" ማለቱን ተዉት።

የሽምግልናው ቀን የተቆረጠው በ1987 ዓ.ም. ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ቀትር ላይ ጋሼ መኩሪያ ቤት ሊደርሱ ነበር። ልጁ አብሮ አይሄድም፤ ግን ምናልባት ከተጠራ ብላ ሥርጉት ሱፍ ልብሱን ተኩሳ አዘጋጀች። ጠዋት እጁ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በመለኪያው ሳይሆን በብርጭቆ ቀዳችለት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከረባቱን ልታስርለት ስትገባ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠራችው። ከንፈሩ ጠቁሯል። የክኒኑ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ባዶውን ነበር።

የድሮዋ የስልክ ኦፕሬተር ዘጠኝ አንድ አንድ ደውላ አድራሻውን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ስልኩን ሳትሰቅል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ዘለቀ ዳነ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ኮሪደር ውስጥ ዶሎሬስ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሥርጉትን አንድ ጠባብ ክፍል አስገባቻት። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሜክሲኳዊት ናት። ከሁለቱ ቦታዎች የዘለቀን ፋይል አስልካ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

አንደኛው "ከባድ ጠጪ፤ የአእምሮ ችግር የለበትም" ይላል። ሁለተኛው "ድምፅ ይሰማዋል፤ አይጠጣም ማለት ይቻላል" ይላል።

"ሁለት ወንድም ነው ያለሽ?" አለች ዶሎሬስ። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

ሥርጉት ወረቀቶቹን አየች። ከሁለቱም ግርጌ ፊርማዋ አለ፤ አንድ ዓይነት፣ ሲበዛ የሚያምር ፊርማ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው እንግሊዝኛ ጠፋት።

"እናቴ ስፓኒሽ ብቻ ነበር የምትናገረው" አለች ዶሎሬስ። "በልጅነቴ ሐኪም ቤት የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። አባቴ ይመታት እንደነበር ለሐኪሙ ነግሬው አላውቅም። ስለዚህ እኔ አልፈርድብሽም። ግን ይሄ ሰው አሁን ይሞታል።"

ከዚያ ነገረቻት። ካውንቲው ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚሞክረው አንድ ክሊኒክ አለ። እዚያ መጠጡንም አእምሮውንም የሚያክሙት ያው ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ጊዜ። አንዱን ጨርሰህ ለሌላው ና አይሉም። ቦታው ጥቂት ነው፤ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ይቀበላሉ። ሙሉ ታሪኩን ካልሰሙ ግን መድኃኒት ሊሰጡት አይደፍሩም፤ ከሆነው በኋላማ ጭራሽ። አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ደግሞ ዶሎሬስ ፈልጋ አላገኘችም።

ሥርጉት ወደ ዘለቀ አልጋ ሄደች። ነቅቶ ኮርኒሱን ያያል።

"ፋይሎችህን አሳዩኝ" አለችው። "እኔ ነኝ ወንድሜ። እኔ ነኝ የቆራረጥኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"እታለም፣ አራት ዓመት ሙሉ ከፈረንጅ ጋር ነው የዋልኩት። መናገር ቢያቅተኝ መስማት ያቅተኛል? አማካሪው ጋ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ጋ ያልሽውንም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺ ስትተረጉሚኝ አንድ ጤነኛ ሰው ይመጣል። እንቅልፍ ብቻ ነው እንቢ የሚለው። በበዓል አንድ ሁለት ይጠጣል። ደስ የሚል ሰው ነው። እሱን መስማት ደስ ይለኝ ነበር።"

ሥርጉት ብርድ ልብሱን እግሩ ሥር ጠቀጠቀችው፤ የተጠቀጠቀውን ደግማ ጠቀጠቀችው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ራሰ በራ ሐኪም፣ አንዲት ነርስ፣ መጠጥ ከተወ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ዶሎሬስ፣ ዘለቀና ሥርጉት። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ሥርጉትን፣ "እሱ ‘እኔ’ ሲል አንቺም ‘እኔ’ በይ። ‘እንዲህ ይላል’ አትበይ" አላት። እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ስትተረጉም "ይላሉ፣ ትላለች፣ ይላል" ስትል ነው የኖረችው።

ሐኪሙ ጠየቀ። ዘለቀ መለሰ። ሥርጉት አፏን ከፈተች።

"በቀን አንድ ጠርሙስ እጠጣለሁ" አለች በእንግሊዝኛ። "አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ሰው ስም ሲጠራ ይሰማኛል። የምጠጣው እሱን ለመዝጋት ነው። ክኒኑን የምውጠውም እሱን ለመዝጋት ነው። ሁለቱም ትንሽ ይዘጉታል፤ ከዚያ ይብሳል።"

ነርሷ ጻፈች። አሥራ አንድ ዓመት ያልጠጣው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"ቤት ውስጥ መጠጥ ከየት ታገኛለህ?" አለ ሐኪሙ።

ዘለቀ ወደ እህቱ ዞረ። "ይህን መተርጎም የለብሽም" አላት ቀስ ብሎ።

"ተናገር" አለችው።

ተናገረ። ሥርጉት ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተረጎመች። "እህቴ ትቀዳልኛለች። ጠዋት ጠዋት፣ በሽሮፕ መለኪያ። ቀስ በቀስ ልታስተወኝ ብላ ነው። እሑድ ዕለት በብርጭቆ ቀዳችልኝ።"

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሐኪሙ መለኪያው ስንት እንደሚይዝ ብቻ ጠየቀ፤ ለመድኃኒቱ መጠን ያስፈልገዋል። እሷም መለሰች። ሰው የሚሞትበት የሚመስለው ቃል ተነግሮ፣ ወንበሮቹም ሰዎቹም እንደነበሩ መቀመጣቸው ይገርማል።

"ይህ ሰውዬ፣" አለ ሐኪሙ፣ "የሌሎችን ስም ነው የሚጠራው? አንተን ጠርቶህ ያውቃል?"

ሥርጉት ጥያቄውን በአማርኛ አቀረበችለት፤ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ዘለቀ በአጭሩ ተናገረ፤ ወደ እሷ ሳያይ።

ነርሷ ውሃ ገፋችላት። ሥርጉት አልነካችውም።

"እሑድ ዕለት ጠራኝ" አለች። "በሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ ስም። ደከመኝ። ‘አቤት’ ልለው ብዬ ነው ክኒኑን ሁሉ የዋጥኩት።"

ከዚያ ሹራቧን ፊቷ ላይ አደረገች። ሐኪሙ ጠበቃት። ዘለቀ እጁን ዘርግቶ የሹራቧን እጅጌ ያዘ። ሲረጋጉ ሐኪሙ ዘለቀ ከዛሬ ጀምሮ እዚያው እንደሚተኛ ነገራቸው። ይህንንም እንደተባለው ተረጎመች።

ከጋሼ መኩሪያ ጋር የተነጋገረችው በዚያው ሳምንት ነው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ድምፁንም፣ ክኒኑንም፣ "የለም" ያለችውንም። ጋሼ መኩሪያ ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት። "እስቲ ፍልሰታ ይለፍ" አሉ። ነገሩ ማለቁን ሁለቱም አወቁ። ሰርካዲስ ከሁለት ዓመት በኋላ ኖርዝ ሆሊውድ አግብታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የሥርጉትን በር የሚያንኳኳው ሰው ቀነሰ፤ ቃል አታስቀርም፣ የሰው አፍ እንዳለ ታወጣለች ተባለ። የሚመጣው ይመጣል፤ የመጣውን ትተረጉማለች።

ዘለቀ ክሊኒኩ ውስጥ ስድስት ሳምንት ተኛ፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ይመላለስ ጀመር። መኪና መንዳት አቆመ። ዳቦ ቤት ገብቶ ሊጥ ያቦካል። የታዘዘለት ክኒን ያነሰና ሌላ ዓይነት ነበር፤ ከነርሷ ፊት ይውጠዋል። እዚያ ያገኛቸው ሰዎች ልማድ አስደነቀው። አንድ ሰው ጠጥቶ ቢመጣ አያባርሩትም፤ ምን ሰምተህ ጠጣህ ብለው ይጠይቁታል። ድምፅ በረታብኝ ቢል ወደ ሌላ አይልኩትም፤ ምን ጠጣህ ይሉታል። ስም ጠሪው ጨርሶ አልሄደም። ራቅ ብሎ፣ ደጅ እንደቆመ ሰው ሆነ።

በታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥርጉት ልብስ ልታጥብ ወርዳ ስትመለስ፣ ዘለቀ ሳሎን ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የደረሰ የውስኪ ጠርሙስ አለ። የክሊኒኩን ቁጥር እያዞረ ነበር። ቅርጫቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ልትረዳው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እጁን አንሥቶ ከለከላት።

"ሃሎ" አለ በእንግሊዝኛ። "እኔ ዘለቀ ነኝ።" ግሱ ከጊዜው ጋር አልተገናኘም፣ ቃላቱ ተንጋደዋል፤ ሥርጉት አንዱንም አላረመችም። "ዛሬ ጠጥቻለሁ። ሰውየውም እየጠራ ነው። አዎ፣ ሁለቱም።"

ከወዲያ በኩል የሚነገረውን ሰማ። "ኦኬ" አለ። "ኦኬ፣ ኦኬ።" ስልኩን ሰቀለ።

"ምን አሉህ?" አለችው ሥርጉት።

ዘለቀ ጫማውን እየፈለገ ነበር።

"ና አሉኝ።"